1.4 ቲኤስአይ፦ ስለ ካቴናው፣ ስለ ቱርቦውና ስለ ዘይቱ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ሞተር ብቻ ነው፦ ከፎልክስዋገን ኢኤ111 ቤተሰብ 1.4 ቲኤስአይ፣ 122 የፈረስ ጉልበት፣ ኮዱ ሲኤኤክስኤ። ጎልፍ፣ ጄታና ስኮዳ ኦክታቪያ ላይ በብዛት ይገኛል። ስትጠይቁ የሄደውን ኪሎሜትር፣ ማኑዋል ይሁን አውቶማቲክ፣ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ካነበበ ደግሞ የብልሽት ኮዱን ቁጥር ጻፉልኝ። «መኪናዬ ይጮሃል» ብቻ ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ መሠረታዊ ቁጥሮቹን ባንድ ላይ ብታስቀምጥልን?

መልስ፦ 1390 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ። የሲሊንደሩ ስፋት 76.5 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 75.6። ኮምፕሬሽን 10 ለ 1። 122 ፈረስ (90 ኪሎዋት) በ5000 ዙር፣ 200 ኒውተን ሜትር ከ1500 እስከ 4000 ዙር። ብሎኩ ጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት)፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል፤ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) ሳይሆን ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ነው። ዘይት ከነፊልትሮው 3.6 ሊትር።

ጥያቄ፦ የእኔ ላይም 1.4 ቲኤስአይ ይላል፣ ግን 160 ፈረስ ነው። ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያንተ ከቱርቦው ሌላ በቺንጊያ የሚዞር ኮምፕሬሰርም አለው፤ ትዊንቻርጀር የሚባለው ነው። በፒስተን መሰበር የሚታወቀው በዋናነት እሱ ነው፤ በሁለት ፋሻዎች (የፒስተን ቀለበቶች) መካከል ያለው ቀጭን ግድግዳ ይሰነጠቃል። ሲኤኤክስኤ ላይም ይደርሳል፣ ግን በጣም ባነሰ መጠን። ዕቃ ስትገዛ «1.4 ቲኤስአይ» ብለህ ብቻ አትዘዝ፣ የሞተር ኮዱን ስጥ።

ጥያቄ፦ ጎልፍ፣ 118 ሺህ ኪሎሜትር፣ ማኑዋል። ጠዋት ስቀሰቅሰው እንደ ናፍጣ መኪና ይንኳኳና ይተዋል። መካኒኬ «ሲሞቅ ስለሚጠፋ አትጨነቅ» ብሎኛል።

መልስ፦ እኔ ብሆን እጨነቃለሁ። ካቴናውን የሚወጥረው ቴንሽነር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሲያድር ዘይቱ ይወርዳል፤ ጠዋት ግፊቱ እስኪደርስ ድረስ ካቴናው ላልቶ መምሪያውንና ሽፋኑን ይመታል። ሲሞቅ ድምፁ የሚጠፋው ቴንሽነሩ ስለወጠረው እንጂ ካቴናው ስላጠረ አይደለም። አንድ ሰከንድ የማይሞላ ኳኳታ ከሆነና አልፎ አልፎ ብቻ ከተሰማ ዘይቱን ቀይረህ ተከታተለው። ሁለትና ሦስት ሰከንድ ከቆየ ወይም በየጠዋቱ ከተደጋገመ መኪናው ጋራዥ ይግባ።

ስካነር ፒ0016 ካወጣ ካምሻፍቱና ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) እርስ በርስ ተዛንፈዋል ማለት ነው። ሴንሰሩንና ሽቦውን ማየት ተገቢ ነው፤ ኳኳታ እያለ ግን ኮዱን አጥፍቶ መንዳት ቁማር ነው። ካቴናው አንድ ሁለት ጥርስ ከዘለለ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ያገኟቸዋል፤ ያኔ ቴስታታ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ (ያው ጠያቂ) ሲቀየር ካቴናው ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ካቴና፣ ቴንሽነር፣ ሁለቱ መምሪያዎች፣ የኮሎው ጥርስና የካምሻፍቱ ጥርስ አብረው ይቀየራሉ። አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ ሲገባ ቶሎ ይበላል። የኮሎውና የካምሻፍቱ ቡሎኖችም አዲስ ይሁኑ፤ አንዴ ተስበው የተጠበቁ ናቸው፣ ድጋሚ አይታመኑም።

አሁን ብዙ ጋራዥ የሚሳሳትበትን ልንገርህ። በዚህ ሞተር የኮሎው ጥርስ ቦታውን የሚይዘው በቡሎኑ ጭምቀት ነው፣ ቁልፍ የለውም። ማቆሚያ መሣሪያዎቹ ሳይገቡ ቡሎኑ ከተፈታ ታይሚንጉ (የኮሎውና የካምሻፍቱ መናበብ) ያኔውኑ ጠፋ። «በቀለም ምልክት አድርጌ እፈታዋለሁ» ለሚል መካኒክ መኪናህን አትስጥ። አንደኛው ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ ዲያል ጌጅ ጫፍ ላይ መሆኑ ይለካል፣ ከዚያ የኮሎውና የካምሻፍቶቹ ማቆሚያዎች ይገባሉ፣ ከዚያ ብቻ ይፈታል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞርና ማቆሚያዎቹ ድጋሚ ይሞከራሉ። ሳይገፉ ካልገቡ ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ በሞተሪኖ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ዳገት ላይ በማርሽ ማቆም ይህን ሞተር ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ለማኑዋሉ እውነት ነው፣ ምክንያቱም የቴንሽነሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ግፊት የለም፤ ያኔ ኮሎው ወደ ኋላ ከተጎተተ የካቴናው መላላት ወደ ቴንሽነሩ በኩል ይመጣና ቴንሽነሩን ገፍቶ ያስገባዋል። ካቴናው ቀድሞ ከረዘመ ጥርስ ይዘላል፤ ጠዋት ቁልፍ ስታዞር ሞተሩ ያልቃል።

ገራሚው ነገር የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ የተማርነው ነው፦ ፊቱ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ። ሁለቱም ክብደቱ ሞተሩን በተቃራኒ እንዲያዞር ያደርጋሉ! ለሌላ መኪና ትክክል ነው፤ እዚህ ግን ሸክሙን የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ፍሬን ረግጠህ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገህ፣ የእጅ ፍሬኑን በደንብ ሳብ፣ የእግር ፍሬኑን ልቀቅና መኪናው እንደቆመ አረጋግጥ፣ ማርሽ ከዚያ በኋላ ለመጠባበቂያ ይግባ። ጎማውን ወደ ጠርዝ አዙር፣ ካስፈለገ ድንጋይ አድርግ። የእጅ ፍሬንህ የማይዝ ከሆነ ዛሬውኑ አሠራው። ገፍቶ ማስነሳትም ይቅር። ዲኤስጂ (ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ) ያላችሁ አይመለከታችሁም፤ በፒ ላይ ሲቆም የሚያዘው ካምቢዮው ራሱ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ተለይቷል።

ጥያቄ፦ ኦክታቪያ፣ 140 ሺህ። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ፒ0299 ይላል። ቱርቦ ቀይሪ ተባልኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን ትንሽ ያዢ። ፒ0299 የሚለው «የሚጠበቀው የአየር ግፊት አልመጣም» ብቻ ነው፤ ማን እንዳጠፋ አይናገርም። በዚህ ሞተር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዌስትጌቱ ነው፤ ትርፍ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚከፍተው በር ማለት ነው። ዘንጉ በሙቀትና በዝገት ይያዝና ክፍት እንደሆነ ይቀራል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የእጅ ፓምፕ ከአክቹዌተሩ (ዘንጉን ከሚገፋው ክፍል) ቱቦ ጋር አያይዘው ግፊት ይስጡት። ዘንጉ ሳይንገጫገጭ መውጣት፣ ግፊቱ ሲለቀቅም በራሱ ፈጥኖ መመለስ አለበት። ከተንቀራፈፈ መገጣጠሚያው ተጠርጎ ሙቀት የሚችል ቅባት ይደረግለት፤ ተራ ግሪስ አይሆንም፣ ይቃጠልና ይብሳል። ዘንጉ ጤነኛ ከሆነ የጎማ ቱቦዎቹን ስንጥቅ፣ ከዚያ ኤን75 የሚባለውን የግፊት መቆጣጠሪያ ይዩ። ቱርቦው ራሱ የሚፈረድበት መጨረሻ ላይ ነው፦ መሐሉ ያለው ዘንግ ጎን ለጎን ሲወዛወዝ፣ ምላጮቹ ቤቱን ሲነኩ ወይም ሰማያዊ ጭስ ሲኖር።

ጥያቄ፦ ካጠፋሁት በኋላ ከኮፈኑ ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ለደቂቃዎች ይቀጥላል። ባትሪ አይጨርስም?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ለቱርቦው ውሃ እያዞረች ነው፤ እስከ 15 ደቂቃ ልትሠራ ትችላለች። የሚያሳስበው ድምፅዋ ጨርሶ ሲጠፋ ነው፤ ያኔ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ከሰል ይሆናል። ይህችው ፖምፓ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየርም ታቀዘቅዛለች፤ ስትሞት መኪናው በሙቀት ሰዓት ይደክማል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ዘይት? በስንት ኪሎሜትር?

መልስ፦ ጀርባው ላይ ቪደብሊው 502 00 ወይም 504 00 የሚል ማረጋገጫ ያለው 5-ደብሊው-30 ወይም 5-ደብሊው-40። ፋብሪካው በ502 00 እስከ 15 ሺህ ኪሎሜትር ወይም አንድ ዓመት፣ በ504 00 እስከ 30 ሺህ ይፈቅዳል። ከተማ ውስጥ በአጭር ጉዞ፣ በሰልፍና በአቧራ ለሚነዳ መኪና 30 ሺህ ካቴናውን መግደያ ነው፤ ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል። በ7 እና በ8 ሺህ መካከል ቀይሩ። የኮፓው (የዘይት ቋቱ) ቡሎን 30 ኒውተን ሜትር ነው፣ በቁልፍ ላይ አትቁሙበት። በየሳምንቱ ዲፕስቲኩን እዩ፤ ፋብሪካው በ1000 ኪሎሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ቢጠጣ እንደ ጤነኛ ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ 3.6 ሊትር ሳይታወቅ ሊጎድል ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ፒ0302 (ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አይቃጠልም) ይላል። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ይረዳል?

መልስ፦ የመግቢያ ቫልቩን አያጸዳም። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቩን አይነካውም፤ ከዘይት ጭስ የመጣው ጥላሸት እየተጋገረ ይሄዳል። መጀመሪያ ግን ርካሹን ሞክር፦ የሁለተኛውን ሲሊንደር ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከሦስተኛው ጋር ቀያይር። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተዛወረ ቦቢናው ነው። ካልተዛወረ ካንዴላ (ዕድሜው 60 ሺህ ኪሎሜትር ነው)፣ ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ከዚያ ማኒፎልዱን አውርዶ ማጽዳት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ልገዛ ያሰብኩት ኮምፕሬሽኑ 9፣ 9.2፣ 8.8፣ 9 ባር ወጣ። መጽሐፉ ከ10 እስከ 15 ይላል። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፣ ቁጥሮቹ ደህና ናቸው። በ2300 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። እዚህ የሚፈርደው ልዩነቱ ነው፤ ፋብሪካው በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቅደው እስከ 3 ባር ነው፣ እኔ 1.5 ካለፈ እጠረጥራለሁ። የእርስዎ 0.4 ነው። አንዱ ብቻ ወርዶ ቢሆን ኖሮ የተሰበረ ፒስተን ወይም የተቃጠለ ቫልቭ ነበር። ሲለካ ሞተሩ ሞቆ፣ የአየር በሩ ሙሉ ተከፍቶ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ጠዋት ሳይቀሰቀስ ይድረሱና ካቴናውን በጆሮዎ ይስሙ፤ ሻጩ «አሙቄ ጠበቅኩዎት» ካለ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ከፍታው ቱርቦውን አይጎዳውም?

መልስ፦ ያደክመዋል። ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን ግፊት በስስ አየር ለማምጣት ቱርቦው ከባሕር ዳርቻው ይበልጥ መሽከርከር አለበት። ስለዚህ የአየር ፊልትሮ እዚህ ቅንጦት አይደለም። በከፍተኛ ማርሽ 1300 ዙር ላይ ሆናችሁ ነዳጅ እስከ ታች አትርገጡ፤ ፒስተን የሚሰብረው ያለጊዜው ቃጠሎ የሚመጣው ያኔ ነው። ማርሽ ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ቺፕ ባስደርግስ (ጉልበት ለመጨመር የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ባስቀይርስ)?

መልስ፦ ባለ 7 ማርሹ ደረቅ ፍሪሲዮን ዲኤስጂ የተሠራው እስከ 250 ኒውተን ሜትር ነው፣ ሞተሩ 200 ይሰጣል። የቀረችህ ትርፍ ያቺ ናት። አታስደርግ።

ጥያቄ፦ በካቴናው የሰለቸው ሰው ወደ አዲሱ 1.4 ቢሄድ?

መልስ፦ ከ2012 ጀምሮ የመጣው ኢኤ211 ሌላ ሞተር ነው፦ 1395 ሲሲ፣ 74.5 በ80 ሚሊሜትር፣ ብሎኩ አሉሚኒየም፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቺንጊያ። የካቴናው ጣጣ የለበትም። የሱ ድክመት በካምቢዮው በኩል ያለው የውሃ ፖምፓና የቴርሞስታት ፕላስቲክ ቤት ነው፤ ውሃ ያንጠባጥባል። በየወሩ የውሃውን ታንክ መስመር እይ፤ ከቀነሰና መሬት ላይ ምንም ካላየህ በዚያ በኩል በባትሪ መብራት ሮዝ ቅርፊት ፈልግ። ፖምፓው ሲቀየር የምታዞረው ትንሿ ቺንጊያም አብራ ትቀየር።