ፎርማት ከማድረግሽ በፊት

ከኮዬ ፈጬ አንዲት የ23 ዓመት ልጅ ጻፈችልኝ። በሃርድዌርና ኔትወርክ ደረጃ 4 ጨርሳ ሲኦሲ አልፋለች። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለው የአጎቷ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ መሥራት ከጀመረች ዓመት ተኩል ሆናት። ሥራው ሁሉ ፎርማት ነው ትላለች። ማሽን አልነሳም ካለ ፍላሽ ይሰካል፣ ዲስኩ ላይ ያለው ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ብር ይቀበላሉ። አሁን ደግሞ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ዴስክቶፕ መጥቷል። አርማው ይታያል፣ ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና እንደገና ይነሳል። ሰዓቱም በየጠዋቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አጎቷ ቅዳሜ ፎርማት አድርጊው ብሏታል።

እሷ ግን ማታ ማታ ማሽን ከዊንዶውስ በፊት ምን እንደሚያደርግ ታነባለች። ጓደኞቿ «ይሄ ያረጀ ነገር ነው፣ ኮዲንግ ተማሪ» ይሏታል። እናቷ በእቁብ ብር ማኔጅመንት በኤክስቴንሽን አስተምረው ባንክ ሊያስገቧት ይፈልጋሉ። አጎቷ ደመወዝ አይከፍላትም። እንግሊዝኛዋም ያሳስባታል። «ጊዜዬን እያባከንኩ ነው ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ እያባከንሽ አይደለም። ደብዳቤሽን ሳነብ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ።

እኔም የጀመርኩት እንዲህ ባለ ሱቅ ነው። አንድ ቀን አንዲት መምህርት ዴስክቶፕ ይዘው መጡ። ልክ አሁን እንደነገርሽኝ ዓይነት ነበር። አላሰብኩም፣ ፎርማት አደረግኩት። የዓመታት የፈተና ወረቀትና የተማሪዎቻቸው ውጤት እዚያ ውስጥ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ሥራውን ስጨርስ የማሽኑ ሰዓት ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ያሳያል። አብሮኝ የሚሠራው ሰው አየና «ባትሪዋን አይተሃታል?» አለኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። ባትሪዋ ስታልቅ ባዮሱ፣ ማለት ማሽኑን ከዊንዶውስ በፊት የሚያስነሳው ሶፍትዌር፣ የተሰጠውን ሴቲንግ ይረሳል፤ ዲስኩን የሚያነብበት ሞድም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ዊንዶውስ ደግሞ ዲስኩን በለመደው መንገድ ሲያጣው ይወድቃል። ፋይሎቹ ግን ምንም አልሆኑም ነበር። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። መምህርቷ ይህን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። ዝም ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ስለዚህ «ያረጀ ነገር ነው» የሚለው አይዋጥልኝም። ማብሪያውን ስትጫኚ ፕሮሰሰሩ ዊንዶውስ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ዲስክ መኖሩንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ከዚያ ይጀምራል። እዚያ የሚጠብቀው በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ የተጻፈ ሶፍትዌር ነው። ቺፗ ብዙ ጊዜ ስምንት እግር አላት። ባዮስ የምንለው ይህን ነው፤ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ ይባላል። ሊጥ ያለ እርሾ አይቦካም። ማሽንም ሶፍትዌር የሚጭንለት ሌላ ሶፍትዌር ቀድሞ ካልተቀመጠለት አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አልቴር 8800 የሚባል ኮምፒውተር መጀመሪያ ላይ እርሾው አብሮት አልነበረም። ባለቤቱ ፊት ለፊት ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ እያነሳና እያወረደ የመጀመሪያዋን አጭር ፕሮግራም በእጁ ያስገባ ነበር። በ1981 የመጣው የአይቢኤም ፒሲ ግን ባዮሱን በቺፕ ይዞ መጣ።

ባዮሱ መጀመሪያ ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ራሙን ያነቃል። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩን ያያል። ራም ካጣ በጩኸት ይናገራል። ከዚያ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። በድሮው አሠራር የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነባል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት 2 ባይቶች ትክክለኛውን ምልክት ካልያዙ ማሽኑን የሚያስነሳ (ቡት የሚሆን) ዲስክ እንደሌለ ይቆጥራል። በዩኢኤፍአይ ደግሞ ፋት 32 በሚባል የፋይል አቀማመጥ በተሠራች ትንሽ የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) ውስጥ የማስነሻ ፋይል ይፈልጋል። ዊንዶውስ ተራው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን ካወቅሽ «አልነሳም አለ» የሚለው ቃል አይበቃሽም። የት ላይ ነው የቆመው? ፋኑ ካልዞረ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከፓወር ነው። ፋኑ ዞሮ ስክሪኑ ከጨለመ ራሙን አውጥተሽ በላጲስ አጽጂው። አርማው መጥቶ ዲስክ የለም ካለ ገመዱን፣ የቡት ቅደም ተከተሉን፣ ባትሪዋን እዪ። ዊንዶውስ ራሱ ጀምሮ ከወደቀና ሴቲንጉ ትክክል ከሆነ ያኔ ስለ ፎርማት እንነጋገር፤ ያውም ፋይሉ ከወጣ በኋላ። አንድ ነገር ግን አደራ። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) የዴስክቶፕ ባዮስ አፕዴት አታድርጊ። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ያኔ ቺፗን ፕሮግራመር በሚባለው የቺፕ መጻፊያ መሣሪያ እንደገና መጻፍ ሊኖርብሽ ነው።

ኮዲንግም ተማሪ። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው ሥልጠና ነጻ ነው፣ ማታ ማታ ውሰጂው። የያዝሽውን ግን አትጣይ። ራውተሩም፣ የዲሽ ሪሲቨሩም፣ ስልኩም፣ የባንኩ ሰርቨርም የሚነሱት በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። እኔ ከጥገና ጠረጴዛ ተነስቼ ነው ሰርቨር ክፍል የገባሁት። ቃለ መጠይቁ ላይ የተጠየቅኩት «ሰርቨሩ አልነሳም ቢሉህ መጀመሪያ ምን ታያለህ?» የሚል ነበር። ዲግሪ ይዘው የመጡ ሁለት ልጆች ሲያቅማሙ እኔ የማውቀውን ተናገርኩ። ምክሬ ወደዚህ የሚያደላው በዚህ መንገድ ስላለፍኩ ነው፤ ይህንን እያወቅሽ ስሚኝ።

ስለ እናትሽ ልንገርሽ። የፈሩት ሰው ምን ይላል የሚለውን ነው። ሴት ልጅ ብሎን መፍቻ ይዛ ሱቅ ከምትቀመጥ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ብትታይ ይሻላቸዋል። ፍቅር ነው፣ አልክድም። ግን የማትወጂውን ዲግሪ በእቁብ ብር መግዛት ትክክል አይደለም። ማኔጅመንት ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች እዚያው ብሎካችሁ ላይ አሉ፤ እሳቸውም ያውቋቸዋል። ከእቁቡ ጥቂቷን ለመልቲሜትር፣ ለባዮስ ፕሮግራመርና መለማመጃ ለሚሆኑ ሁለት የሞቱ ላፕቶፖች ይስጡሽ። ስድስት ወር ጠይቂያቸው።

አጎትሽን ከምትጠግኚው ማሽን ድርሻ ጠይቂ። ዘመድ ነው ተብሎ ዓመት ተኩል በነጻ አይሠራም። እምቢ ካሉ ሌላ ሱቅ ፈልጊ።

እንግሊዝኛው ማኑዋል በማንበብ ይመጣል።

አሁን ወደ እድሩ ዴስክቶፕ። ቅዳሜ ሳይደርስ ባትሪዋን ቀይሪ። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ግቢና ሰዓቱን አስተካክዪ። ባዮሱ ዲስኩን የሚያነብበትን ሞድ እዪ፤ ብዙ ጊዜ ሬይድ ወይም ኤኤችሲአይ ይላል። ሬይድ ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ኤኤችሲአይ ላይ ከሆነ ወደ ሬይድ ቀይረሽ አስነሺው። ባይነሳ እንኳ ዲስኩን አውጥተሽ ሌላ ማሽን ላይ ሰክተሽ ፋይሉን ቅጂ። የአባላቱ ስም ዝርዝርና የከፈሉት መዋጮ እዚያ ውስጥ ይሆናል። ለአጎትሽም «እስከ ሰኞ ይቆይልኝ» በያቸው።