አባትየው እንቁላሉን ለምን ይበላል? ስለ ክላውንፊሽ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አኳሪየም ውስጥ ክላውንፊሽ (ብርቱካናማና ነጭ ቀለም ያለው ትንሽ የባሕር ዓሣ) ማራባት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ስለ እንቁላሉና ስለ ወላጆቹ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጥንዶቼ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ጣሉ። ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ሳይ አንድም የለም። ምን አጥፍቼ ነው? ሴት ነኝ፣ አንቺ በለኝ።

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጠፋሉ። ወንዱ ገና ለማጅ ነው። ዘር ያልነካው እንቁላል ይበዛል፣ እሱን ደግሞ ይበላዋል። የኔዎቹም እስከ ሦስተኛው ዙር ድረስ አቃጥለውኛል። በሁለት ሳምንት ገደማ እንደገና ይጥላሉ። እስከዚያ በደንብ መግቢያቸው፣ ገንዳውን አትነካኪ።

ጥያቄ፦ የሚንከባከበው የትኛው ነው? ትልቁ ወይስ ትንሹ?

መልስ፦ ትንሹ። ትልቋ ሴቷ ናት። ሴቷ ብትሞት ወንዱ ራሱ ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ ተመልሶ ግን ወንድ አይሆንም። እሷም አልፎ አልፎ ታግዛለች፣ ዋና ሥራዋ ግን ጥበቃ ነው። እጃችሁን ስታስገቡ መጥታ የምትነክሳችሁ እሷ ናት። ብዙ ባያምም ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ ወንዱ ቀኑን ሙሉ አፉን ከእንቁላሉ ላይ አያነሳም። እየበላ ነው?

መልስ፦ ጠጋ ብለህ ተመልከተው። መጀመሪያ የጎን ክንፎቹን ያርገበግባል። እያንዳንዱ እንቁላል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ክኒን ይመስላል፣ በአንድ ጫፉ ተጣብቆ ቆሟል። ውሃው ሲነካቸው ሁሉም እንደ ስንዴ ማሳ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ኦክስጅን የሚደርሳቸው በዚህ ነው። ከዚያ ቆም ይልና በአፉ ይዳብሳቸዋል። ቆሻሻውን ያነሳል፣ ነጭ የሆነ ካገኘ ነቅሎ ይውጠዋል። ነጩ የሞተ ነው። ከተተወ ይሻግትና ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መብላቱ ራሱ እንክብካቤ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ደንግጦ እንቁላሉን ይነጥቀዋል፤ እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

የሚያሳስበው የሽሉ ዓይን የሚታይበት፣ ጤነኛ እንቁላል በብዛት ሲጎድል ነው። ያኔ ወይ ሲረብሸው የሚውል ነገር አለ፣ ወይ ርቦታል፣ ወይ ሌላ ዓሣ ሌሊት እየሰረቀ ነው። ሌባውን ሳላጣራ እኔም አንዴ አባትየውን በከንቱ አምቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ብርቱካናማ የነበሩት ጠቆሩ። ሞቱ እንዴ?

መልስ፦ እንዲያውም ደህና ናቸው። ብርቱካናማው የአስኳሉ ቀለም ነው፣ ሽሉ ሲያድግ ይጠቁራል። መጨረሻ ላይ ብር የመሰሉ ዓይኖች ያብረቀርቃሉ። ውሃው 27 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በ7 ወይም በ8 ቀን ይፈለፈላሉ፣ ቀዝቀዝ ካለ ይዘገያሉ። ቀኑ ሲቃረብ አባትየው ማርገብገቡን ይጨምራል፤ ያደገው ሽል ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋላ።

ጥያቄ፦ አኔሞን የግድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። አኔሞን ባሕር ውስጥ የሚጠለሉበት፣ አበባ የሚመስል እንስሳ ነው፤ ገንዳ ውስጥ ግን እንቁላል ለመጣል አንድ የሸክላ ማሰሮ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ገንዳ ውስጥ የተወለዱ ናቸው፣ አባታቸውን አይተው አያውቁም። እንቁላል መንከባከቡን ከማን ተማሩት?

መልስ፦ ከማንም። አብሯቸው የሚወለድ ነው። አይሶቶሲን የሚባል ሆርሞን አላቸው፣ በሰው ላይ ከወሊድና ከጡት ማጥባት ጋር የሚያያዘው የኛው ኦክሲቶሲን የዓሣ ዘመድ በሉት። የዚህ ሆርሞን ሥራ በመድኃኒት ሲታገድ ወንዱ እንቁላሉን መንከባከብ እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ራሳቸው ወልደው የማያውቁ ክላውንፊሾች የባዳ እንቁላል ሲሰጣቸው መንከባከብ ጀመሩ። ልምድ ሥራውን ያሻሽለዋል እንጂ አያስጀምረውም።

ጥያቄ፦ ከተፈለፈሉ በኋላስ ያሳድጓቸዋል?

መልስ፦ እዚያ ላይ አባትነቱ ያበቃል። ባሕር ውስጥ ቢሆን ጫጩቶቹን የውሃው ፍሰት ይዟቸው ይሄዳል። ገንዳ ውስጥ ግን ወይ ዓሦቹ ይበሏቸዋል ወይ በማጣሪያው ይሳባሉ። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ማታ ማሰሮውን ከውሃ ሳላወጣ፣ በባልዲ ወደ ሌላ ገንዳ አዛውረዋለሁ። ገንዳው ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት፤ መብራት ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው የሚፈለፈሉት። ለመጀመሪያ ምግብ ሮቲፈር (በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጥቃቅን የውሃ እንስሳ) አስቀድማችሁ አራቡ። እንቁላሉን አይታችሁ ከጀመራችሁ ላይደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንዱ ዛሬ ሞተብኝ። እንቁላሉ ገና 4 ቀኑ ነው። ተስፋ አለው?

መልስ፦ አለው። እንቁላሉን ከነማሰሮው ከዚያው ገንዳ በቀዳኸው ውሃ ውስጥ ለብቻ አድርገው። አረፋ የሚያወጣውን የአየር ፓምፕ ድንጋይ ከሥሩ አስቀምጥ፣ አረፋው እንቁላሎቹን ያወዛውዛቸው እንጂ አይምታቸው። ነጭ የሆነውን በየቀኑ በወረንጦ ልቀም፣ የቀኝና የግራ ጎረቤቱን እንዳትነካ ተጠንቀቅ። የአራት ቀን ሥራ ነው የቀረህ።