ጋላፊ ወይስ ደወሌ? ለድሬው ወንድሜ

"የቱን ሥራ ልያዝ?" ያልከኝን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለት ቦታ የጭነት መኪና ሹፌርነት ሥራ አግኝተሃል። አንዱ ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ ከጅቡቲ በጋላፊ ድንበር ሞጆ ደረቅ ወደብ ያመላልሳል፤ ደሞዙ ትንሽ፣ የቢያጆ (የጉዞ) አበሉ ግን ወፍራም ነው። ሌላው እዚሁ ድሬ ነው፤ በደወሌ ድንበር በኩል ይሠራል፤ ደሞዙ ይሻላል፣ አበሉ ቀጭን ነው። ሚስትህ ነፍሰ ጡር ነች። እኔ በሁለቱም መስመር ተሳቢ ነድቻለሁ፤ 14 ዓመት።

አቦ፣ መጀመሪያ መንገዱን አስበው። የጋላፊው መስመር ከአዋሽ ወደ ሚሌ ይታጠፋል። ድሬ በዚያ አቅጣጫ የለችም። በወር ስንቴም ጅቡቲ ብትመላለስ በቤትህ አታልፍም። እረፍት ሲሰጥህ ከሞጆ ድሬ በአውቶቡስ ነው። አራት ቀን ተፈቅዶልኝ ሁለቱን መንገድ የበላብኝ ጊዜ ብዙ ነው። በደወሌ ግን ከድሬ እስከ ድንበር 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የክፍያ አስፋልት። ጭነቱ ወደ መሃል አገር ቢሆን እንኳ በደጅህ ታልፋለህ።

አሁን ወደ ብሩ። አበሉን ብቻ አትይ፤ ከቤት ከወጣህ እስክትመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቁጠር። ለስሌት ያህል፣ 6,000 ብር ለ12 ቀን ማለት በቀን 500 ነው። 4,000 ብር ለ6 ቀን ግን ከ660 በላይ ነው። ቀኑን የሚበላው መንዳቱ አይደለም፤ ወረፋው ነው። አንዴ ጅቡቲ በዚያ የሐምሌ ሙቀት ዘጠኝ ቀን ጠብቄያለሁ፤ ለጥበቃው አንድ ሳንቲም አልታሰበልኝም። ከአበሉ ላይ ምግብና ውሃ በፍራንክ እየገዛሁ ባዶ እጄን ገባሁ። አሜሪካ የሚነዳ የአክስቴ ልጅም በማይል ነው የሚከፈለው፤ መኪናው ከቆመ ገቢውም እንደቆመ ነው የሚያወራኝ። እዚያም ያው ነው ማለት ነው። ስለዚህ "ጭነት ስጠብቅ በቀን ስንት?" ብለህ ጠይቅ። መልሱን በቃል አትቀበል።

ወጣት ሆነን የማናየው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አበል እንደ ደሞዝ አይቆጠርም። ጡረታህ (ካንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ)፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያህ፣ ስትሰናበት የምታገኘው ሁሉ የሚሰላው በደሞዙ ነው። እኔ በትንሽ ደሞዝና በትልቅ አበል ስምንት ዓመት ሠርቼ ስወጣ የተሰጠኝን ብር ብነግርህ ትስቃለህ። ሚስቴ አልሳቀችም።

ቅጣትም አለ። አንዴ ሚኤሶ አካባቢ ጎማ ፈነዳብኝ፤ ቀጣሪዬ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ከአንድ ወር ደሞዜ ላይ ቆረጠው። ሕጉ ግን ከወር ደሞዝ ከሲሶው በላይ በአንዴ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ያኔ አላወቅኩም፣ አልተከራከርኩም። ናፍታ ጎደለ፣ እቃ ጎደለ ሲባል ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ፈልግ። ከሌለ አስጽፍ።

ቤት ስለማደር ደግሞ፣ "በወር ስድስት ቀን እረፍት" ሲሉህ መኪናው ጋራዥ የሚገባበት ቀን ከዚያ ውስጥ ይሁን አይሁን አጣራ። እኔ ድሬ እያለሁ ቀኑን ሙሉ ከመካኒኩ ጋር ግሪስ ተቀብቼ ውዬ ማታ ቤት ስገባ "እረፍት" ተብሎ የተመዘገበልኝ ጊዜ ቁጥር የለውም። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ስልክ ይጮሃል።

እኔ ብሆን የድሬውን እይዛለሁ፣ በተለይ ልጁ እስኪወለድ። ላጤ ብትሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ እልህ ነበር። ብቻ ከመፈረምህ በፊት ቢሮውን ተወውና እዚያ የሚሠሩትን ሹፌሮች ጠይቅ፤ ባለፈው ወር ስንት ሌሊት ቤታቸው እንዳደሩ። ጠዋት ሂድ ታዲያ። ከምሳ በኋላ ድሬ ላይ ቁም ነገር የሚመልስልህ ሰው አታገኝም።