ካሪቢያን በሃሪኬን ወቅት፦ ልሂድ ወይስ ልቅር? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ትኬቱ ረክሷል፣ ሆቴሉም ረክሷል፣ ግን አውሎ ነፋሱስ?» እኔ በዚህ ወቅት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዋኝቼ፣ ፀሐይ ሞቄ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ ግን ሃሪኬኑ፣ ማለትም ያ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ እዚያው ደሴት ላይ አግኝቶኛል። ስለዚህ ለእህት ለወንድሜ እንደምናገረው አድርጌ ልመልስላችሁ። ወሮቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ወቅቱ የሚባለው ከመቼ እስከ መቼ ነው? ሁሉም ወር እኩል ያሰጋል?

መልስ፦ በአትላንቲክ በኩል ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ስድስቱ ወራት ግን አንድ አይደሉም። ዋናው የሚያሰጋው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያለው ነው። ጫፍ ላይ የሚደርሰው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ነገሩ የባሕሩ ሙቀት ነው። ሃሪኬን ጉልበት የሚያገኘው ከሞቀ ውሃ ነው፤ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ባሕሩ ደግሞ ለወራት ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ሴፕቴምበር ላይ በደንብ ይግላል። በጁንና በጁላይ ከሰሃራ የሚነሳ ደረቅ፣ አቧራማ አየር ውቅያኖሱን ተሻግሮ ስለሚመጣ አውሎ ነፋሱ ቶሎ እንዳይጠነክር ይይዘዋል።

ይህ ማለት ግን ጁላይ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በ2024 ቤሪል የተባለው ሃሪኬን ጁላይ 1 ቀን በደረጃ 4 ጉልበት የግሬናዳዋን ካሪያኩ ደሴት መታ (ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፤ 5 ከሁሉ የከፋው ነው)። ብዙም ሳይቆይ ደረጃ 5 ገባ። በአትላንቲክ ታሪክ በዓመቱ እንዲያ ቀደም ብሎ ደረጃ 5 የደረሰ ሌላ የለም። ወደ ማብቂያውም እንዲሁ ነው። በ2025 ሜሊሳ ጃማይካን በደረጃ 5 የመታው ኦክቶበር 28 ቀን ነው። ሰው «ወቅቱ አለፈ» ብሎ ሻንጣ በሚያዘጋጅበት ጊዜ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሠርጋችን ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቀኑን መቀየር አንችልም። ለጫጉላ የት ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! ቀኑ ካልተቀየረ ቦታውን ቀይሩ። እኔ ብሆን አሩባ፣ ኩራሳው ወይም ቦኔርን እመርጣለሁ። ሦስቱም ከቬኔዝዌላ ጠረፍ አጠገብ፣ ከሃሪኬኖቹ ዋና መንገድ በስተደቡብ ናቸው። አብዛኛው አውሎ ነፋስ በስተሰሜናቸው ያልፋል። አንዳንዴ ከባድ ዝናብና ማዕበል ይደርሳቸዋል፤ በቀጥታ መመታት ግን እምብዛም አያጋጥማቸውም።

«እምብዛም» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ግሬናዳም ለረጅም ጊዜ ከመንገዱ ውጭ እንደሆነች ይታሰብ ነበር። በ2004 ኢቫን የተባለው ሃሪኬን መጥቶ ከአሥር ቤት ዘጠኝ ያህሉን ጎዳ። ባርቤዶስ ወደ ምሥራቅ ገንጠል ስላለች ብዙ ጊዜ ትተርፋለች፤ በ2021 ግን ኤልሳ አገኛት። ባሃማስን፣ ቨርጂን ደሴቶችንና ሴንት ማርቲንን ለሴፕቴምበር ጫጉላ አልመክርም። ውበት አንሷቸው አይደለም፤ መንገዱ ላይ ስለተቀመጡ ነው።

የግድ ካሪቢያን ይሁን ካላላችሁ ሲሼልስም አለች። ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ ናት። እዚያ አካባቢ አየሩን የሚያሽከረክረው የምድር መሽከርከር ተጽዕኖ ደካማ ስለሆነ አውሎ ነፋስ በቀላሉ አይፈጠርም።

ጥያቄ፦ ባለሙያዎች «ዘንድሮ ወቅቱ ቀላል ይሆናል» ካሉ ተረጋግቼ ልግዛ?

መልስ፦ እሱን ለትኬት ውሳኔ አትጠቀሙበት። የወቅት ትንበያ የሚነግራችሁ ስንት አውሎ ነፋስ ሊፈጠር እንደሚችል ነው። የቱ ደሴት እንደሚመታ አይነግራችሁም። 1992 ጸጥ ያለ ዓመት ነበር። የዚያን ዓመት የመጀመሪያው ስም የወጣለት አውሎ ነፋስ አንድሩ ነው። ኦገስት 24 ቀን ደቡብ ፍሎሪዳን ያወደመው እሱው ነው። ለእናንተ አንድ ብቻ በቂ ነው፣ እናንተ ያላችሁበት ከመጣ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የማየው ምንድን ነው? ከስንት ቀን በፊት ይታወቃል?

መልስ፦ ማያሚ የሚገኘውን የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ተከታተሉ። በሰባት ቀን ውስጥ የት ምን ሊፈጠር እንደሚችል በየቀኑ ያወጣል። ከመሄዳችሁ አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ጠዋትና ማታ ማየት ጀምሩ። ብዙዎቹ ኃይለኛ ሃሪኬኖች ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ እንደ ተራ የዝናብ ደመና ተነስተው ውቅያኖሱን ለቀናት ያቋርጣሉ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሲመጡ ይታያሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ማንም አያውቅም፤ አውቃለሁ የሚላችሁን አትመኑ።

አንድ ነገር ላይ ልቆም፦ ካርታው ላይ ያለው እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ቅርጽ፣ ኮን የሚሉት። ብዙ ሰው የአውሎ ነፋሱ ስፋት ይመስለዋል። አይደለም። የሚያሳየው መሃሉ በየት በኩል ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው። መሃሉ እዚያ ውስጥ የሚቆየውም ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ነው። ሦስተኛው ጊዜ ይወጣል ማለት ነው። ደሴታችሁ ከኮኑ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብላለች ብላችሁ አትተኙ። ዝናቡና ማዕበሉ ከኮኑ ውጭ እስከ ሩቅ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው? መቼ ልግዛ?

መልስ፦ በዚህ ወቅት ያለ ኢንሹራንስ አትሂዱ። የሚገዛውም ትኬቱን በቆረጣችሁበት ሰሞን ነው፤ ቢቻል በዚያው ቀን። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ማክሰኞ ለአውሎ ነፋሱ ስም ወጣለት እንበል። እናንተ ደንግጣችሁ ረቡዕ ገዛችሁ። ያ አውሎ ነፋስ አይሸፈንላችሁም። አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ ለኢንሹራንሱ የታወቀ ነገር ነው። ቤቱ መቃጠል ከጀመረ በኋላ የእሳት መድን እንደመግዛት ነው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ፍርሃት ነው። ተራው ኢንሹራንስ «ፈራሁና ቀረሁ» ለሚል አይከፍልም። በረራው ሲሰረዝ፣ ሆቴሉ ሰው ማስተናገድ ሲያቅተው፣ አካባቢውን ልቀቁ የሚል ትዕዛዝ ሲወጣ ነው የሚከፍለው። በፈለጋችሁት ምክንያት መሰረዝ የሚያስችል ሌላ ዓይነት አለ። ዋጋው ከፍ ይላል። የሚመልስላችሁም ሙሉውን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶውን ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍያ በፈጸማችሁ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ መገዛት አለበት፤ ካለፈ አለፈ። ለኦገስትና ለሴፕቴምበር እኔ የምገዛው ይህንን ነው። የአእምሮ ዕረፍት ዋጋ አለው።

ውሉን ስታነቡ የመዘግየት ክፍያ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚጀምር ፈልጉ። እዚያው ደሴት ላይ ብትቀሩ የተጨማሪ ቀናት ሆቴል ይከፍል እንደሆነም ጠይቁ። ደግሞ እያንዳንዱን ደረሰኝና የአየር መንገዱን መልእክት አስቀምጡ። ማስረጃ የሌለው የካሳ ጥያቄ አይሄድም።

ጥያቄ፦ አውሎ ነፋሱ እየመጣ ነው፣ በረራዬ ግን አልተሰረዘም። እኔው ልሰርዘው?

መልስ፦ አትቸኩል ወንድሜ። አንተ ከሰረዝከው እንደ ተራ ስረዛ ይቆጠርብህ ይሆናል። አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ያለ ቅጣት ቀን መቀየር ይፈቅዳሉ፤ እሱን ጠብቅ። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ የሚሄድ በረራ ከሆነና አየር መንገዱ ራሱ ከሰረዘው፣ ሌላ አማራጭ ካልተቀበልክ ገንዘብህን የመመለስ ግዴታ አለበት። ቫውቸር (ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚሆን ኩፖን) ብቻ ነው ያለን ቢሉህ እሺ አትበል።

ትኬት ስትቆርጥ ደግሞ በተቻለ መጠን ቀጥታ በረራ ይሁን፣ የጠዋቱም ይሁን። ማያሚና የፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን ራሳቸው የሃሪኬን መንገድ ላይ ናቸው። ደሴትህ ሰላም ሆና መሸጋገሪያህ ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ በመርከብ ብንሄድስ?

መልስ፦ መርከብ ይሸሻል፣ ሆቴል አይሸሽም። በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ግን የሴንት ቶማስን ደሴት ልታዩ ወጥታችሁ ሜክሲኮ ልትወርዱ ትችላላችሁ። ወደብ ስለተቀየረ ብቻ ገንዘብ አይመለስም። ለቦታው ሳይሆን ለባሕሩ የምትሄዱ ከሆነ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ኢንሱሊን እወስዳለሁ። ልጆቼ ሴፕቴምበር ላይ ሊወስዱኝ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ወሩን ያስቀይሯቸው። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ከሃሪኬን በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው መብራት ነው። በ2017 ከሃሪኬን ማሪያ በኋላ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ለወራት መብራት ያላገኙ ሰዎች ነበሩ። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ደስ ይላል፤ አየሩም ደረቅ ነው። የግድ ከሆነ አሩባን ይበሉዋቸው። ለዕረፍቱ ከሚበቃው ሌላ የሁለት ሳምንት መድኃኒትና ማቀዝቀዣ ቦርሳ በእጅዎ ይያዙ፤ ከሻንጣው ጋር አይላኩት። ሐኪምዎንም አስቀድመው ያማክሩ።

ጥያቄ፦ እዚያው እያለሁ ቢመጣብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀድማችሁ ውጡ። ሃሪኬን ዋች (ሊመጣ ይችላል የሚለው ማስታወቂያ) የሚወጣው ኃይለኛው ነፋስ ይደርሳል ከተባለበት 48 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዋርኒንግ (ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል የሚለው) ደግሞ 36 ሰዓት። ብዙ ሰው ዋርኒንጉን ይጠብቃል፤ ያኔ ወንበር የለም፣ ኤርፖርቱም ሊዘጋ ነው። ሦስት ቀን ዕረፍት ቢቀርባችሁ ይቅር።

እኔ አንድ ቀን ዘገየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ምን አጣደፈኝ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ልበላ ስወርድ የሆቴሉ አትክልተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ ኮኮናት ያወርዳል። አንድ በአንድ፣ አረንጓዴውን ሳይቀር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ማታ ነፋሱ ይወረውራቸዋል» አለኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች የባሕር ዳር ወንበሮቹን መዋኛ ገንዳው ውስጥ እያሰጠሙ ነበር፤ ውሃ ውስጥ ያለ ወንበር ነፋስ አያነሳውም። ልቤ ድንግጥ ያለው ያን ጊዜ ነው። አየር መንገዱ ጋ ስደውል ቦታ አልቋል።

ሌሊቱን ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከመስኮት ርቀን፣ ፍራሽ ደገፍ ብለን አሳለፍነው። የአየሩ ግፊት ሲወርድ ጆሮዬ ይደፈን ነበር። ጠዋት ስንወጣ ትናንት አረንጓዴ የነበረው ኮረብታ ቡኒ ሆኗል። ዛፎቹ ላይ አንድ ቅጠል አልቀረም።

ስለዚህ ከቀራችሁ ይህንን አድርጉ። መብራት ሳይጠፋ ስልኩንና ፓወር ባንኩን ሙሉ፣ የመታጠቢያ ገንዳውን ለሽንት ቤት የሚሆን ውሃ ሙሉ። የመጠጥ ውሃ ለብቻ። ፓስፖርት በፕላስቲክ። የተሸፈነ ጫማ አድርጋችሁ ተኙ፤ ጠዋት መሬቱ ላይ የተሰበረ መስታወት ይበዛል። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፣ በዝርዝር፤ መብራት ከሌለ ካርድ አይሠራም። በመሃል ነፋሱ ድንገት ጸጥ ቢል እንዳትወጡ። የሃሪኬኑ ዓይን ላያችሁ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሌላኛው ጎን በተቃራኒ አቅጣጫ እንደገና ይመጣል።

ጥያቄ፦ አውሎ ነፋሱ ሩቅ ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል። መዋኘት ይቻላል?

መልስ፦ የነፍስ አድን ሠራተኛውን ሳትጠይቁ አትግቡ። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያልፍ ሃሪኬን የሚልከው ማዕበል ጠረፉ ላይ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ይፈጥራል። ከያዛችሁ ወደ ዳርቻው አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ውጡለት። ልጆች ካሉ በዚያ ቀን ገንዳው ይበቃል።

ጥያቄ፦ የያዝኩበት ደሴት በቅርቡ ተመትቷል። አሁን ለመዝናናት መሄድ ነውር አይሆንም?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ አትሂጂ፤ ያለው ውሃ፣ አልጋና ነዳጅ ለነዋሪውና ለሚረዱት ሰዎች ይሁን። ደሴቲቱ ራሷ «ክፍት ነን» ስትል ግን ሂጂ። እዚያ ያለው አስተናጋጅ፣ ጀልባ ነጂ፣ ዓሣ አጥማጅ የሚኖረው በእንግዳ ነው፤ ቤቱን የሚጠግነውም በዚያው ገቢ ነው። አንድ ደሴት ሲመታ ሰው ሁሉንም ሲሰርዝ በጣም ያሳዝነኛል። ከባሃማስ እስከ ትሪኒዳድ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ ሲመታ ሌላው ዝናብ እንኳ ላያይ ይችላል።

ከመሄድሽ በፊት ሆቴሉ ጋ በስልክ ደውዪ፤ በኢሜይል አይሁን። መብራቱ ከመስመር ነው ከጄኔሬተር? ውሃ ሙሉ ቀን አለ? ሠራተኞቹስ ተመልሰዋል? ሦስተኛው ላይ የሚመልስልሽ ሰው ድምፁ እንዴት እንደሆነ አዳምጪ። ደህና ከሆነ ያዢው።