መልስ፦ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ወደ ቅጂው ስለሚገባው «እምምም» የሚል ድምፅ

በማይክሮፎን ሲቀዱ የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ እንደሚገባብዎት ጠይቀዋል። በመጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቅዱ፤ ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ከማይክሮፎኑ ሳይሆን ከኤሌክትሪኩ በኩል የመጣ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ስለሆነ፣ ላፕቶፑና ከእሱ ጋር የተገናኙ ስፒከሮች በተለያዩ ሶኬቶች ሲሰኩ በኧርዝ መስመሮቻቸው (ለደኅንነት ከመሬት ጋር በሚያገናኙት ሽቦዎች) መካከል የሚፈጠረው ዑደት ያንኑ 50 ኸርዝና ብዜቶቹን፣ በተለይም 100ን፣ ወደ ቅጂው ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፤ የማይክሮፎኑንም ገመድ ከቻርጀሩ ያርቁ። እኔ ለሳምንት የተቸገርኩት ከጠረጴዛዬ ሥር በረሳሁት የስልክ ቻርጀር ነበር። የኧርዙን እግር ቆርጦ መጣል፣ ድምፁን ቢያጠፋም እንኳ፣ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይሞክሩት። በባትሪም ሆኖ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ካልጠፋ፣ ጌይኑን (የማይክሮፎኑን ድምፅ የማጉያ መጠን) ቀንሰው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ይበሉ።