መልስ፦ ፕላትሌቱ ደህና ከሆነ ደሙ ለምን አልቆም አለ?
እህቴ፣ ልጅሽ ጥርሱን ከተነቀለ በኋላ ደሙ እየቆመ እየተመለሰ አስቸግሯል፣ ፕላትሌቱ (ደም እንዲቆም የሚረዱት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ቁጥር) ግን 240,000 ነው ብለሻል። ቁጥሩ ደህና ነው። ግን ፕላትሌት ቀዳዳውን ለጊዜው ብቻ ነው የሚደፍነው። የሚያጠነክረው ፋይብሪን የሚባል ክር ነው፤ እሱ እንዲሠራ ፋክተር የሚባሉት ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን ማስነሳት አለባቸው።

ስለዚህ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሕፃናት ክፍል ውሰጂውና ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩትን ፒቲ እና ኤፒቲቲ የሚባሉ ምርመራዎች ጠይቂ። ኤፒቲቲው ብቻ ከረዘመ ሄሞፊሊያ (ከፋክተሮቹ አንዱ የሚያንስበት የመድማት በሽታ) ይጠረጠራል፤ ፋክተር 8 እና 9 ይለካሉ። ደሙ ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ቱቦ ውስጥ እስከ ምልክቱ መሙላት አለበት፣ ከጎደለ ውጤቱ ያሳስታል።

ከወንድሞችሽ ሲገረዝ ብዙ የደማ ካለ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሄሞፊሊያ አብዛኛውን ጊዜ በእናት በኩል ነው የሚመጣው። አሁንም እየደማ ከሆነ ዛሬውኑ ሂጂ። አስፕሪን በፍጹም እንዳትሰጪው፤ ሐኪሙ ሳያውቅ ጡንቻው ላይ መርፌ እንዳይወጋም።