ለሚኒ ማርኬቷ እህታችን፦ ኤክሴል ጾምና ፍስክ አይለይም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሀዋሳ ላይ ሚኒ ማርኬት አለሽ፤ የሁለት ዓመት ሽያጭሽን ኤክሴል ላይ መዝግበሻል። ለዳሽቦርድ (ሽያጩን በአንድ ገጽ በግራፍ ለሚያሳየው) ፓወር ቢአይ የሚባለውን ፕሮግራም ልማር ወይስ በኤክሴሉ ልቀጥል፣ የመጪውን ወር ሽያጭና ትርፍስ እንዴት ልገምት ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ከተማ የሱቆች ሂሳብ ነው የምሠራው።

ፕሮግራሙ አያስጨንቅሽ። ለአንድ ሱቅ የኤክሴል ፒቮት ቴብል (መዝገቡን በዕቃና በወር ደምሮ የሚያሳየው) እና ስላይሰር (የፈለግሽውን ብቻ መርጦ የሚያሳየው ቁልፍ) ይበቃሻል። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ በነጻ ስለሚወርድ ቅርንጫፍ ስትከፍቺ ትደርሺበታለሽ። ከሁሉም የሚከብደው ቀኑ ነው።

ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው፤ የኛ ገበያ ግን በጾም፣ በበዓልና በደሞዝ ነው የሚሄደው። ሂሳባቸውን የምሠራላቸው አንድ ባለሱቅ የ2017 የካቲት የወተትና የቅቤ ሽያጭ ከዓምናው ቀንሶ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሆኖ ቢያዩት አቅራቢያቸውን ሊቀይሩ ነበር። አቅራቢው ምንም አላጠፋም። በ2016 ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ሲሆን በ2017 ግን የካቲት 17 ነበር። የ2016ቱ የካቲት ሁዳዴ የለበትም፤ የ2017ቱ የመጨረሻዎቹ 14 ቀናት በሁዳዴ ውስጥ ናቸው። የኤክሴሉ ፎርካስት ሺትም (መጪውን ሽያጭ የሚገምተው) የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ወቅት በየዓመቱ በዚያው ቦታ የሚመላለስ አድርጎ ነው የሚያሰላው። ፋሲካና ረመዳን ደግሞ የሚውሉበት ቀን በየዓመቱ ይለያያል።

ስለዚህ ከሽያጭ መዝገብሽ ሌላ የቀን ሰንጠረዥ ሥሪ። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የሀበሻውን ወር፣ ጾም ይሁን ፍስክ፣ የበዓል ዋዜማ ሳምንት መሆን አለመሆኑን፣ የደሞዝ ሰሞኑንም ጻፊ። እዚህ ሀዋሳ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ እንዳይረሳሽ፤ ቀኑን በየዓመቱ የሚወስኑት አያንቶዎች (ኮከብ የሚያነቡ ሽማግሌዎች) ስለሆኑ ኤክሴል ከየትም አያመጣውም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ የሚመጣው እንግዳም የውኃና የለስላሳ ሽያጭ ላይ ይታያል። ጳጉሜንን ከሌላ ወር ጋር በድምር አታወዳድሪ፤ ለቀን አማካይ አካፍለሽ እዪው።

ግምቱን በብር ሳይሆን በፍሬ (በተሸጠው ዕቃ ብዛት) ሥሪ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብሩ መስመር ሽቅብ ሲወጣ የተሸጠው ዘይት ብዛት ቁልቁል ሲወርድ አይቻለሁ። ባለሱቁ ገበያው ደርቷል ብሎ ያስባል፤ መደርደሪያው ግን እየሳሳ ነው። ሁለቱን መስመሮች አንድ ገጽ ላይ አድርጊያቸው። ፍሬውን ከገመትሽ በኋላ በወቅቱ መሸጫ ዋጋ ታባዢዋለሽ።

ትርፉን ደግሞ በሁለት ዓምድ ያዢው፦ በገዛሽበት ዋጋና ዛሬ አከፋፋዩ በሚልሽ ዋጋ። በ100 ብር የገዛሽውን በ125 ስትሸጪ መዝገቡ 25 ብር አተረፍሽ ይልሻል። አከፋፋዩ 120 ካስገባው ግን ያንኑ ዕቃ ተክተሽ የሚቀርሽ 5 ብር ነው። ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደሞዝና መብራቱ የሚከፈሉት ከዚችው ነው። የቫት ተመዝጋቢ ከሆንሽ መሸጫውን መጀመሪያ ለ1.15 አካፍዪ፤ 15 በመቶው ያንቺ ገንዘብ አይደለም። ዱቤውን ከሽያጩ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ያልገባ ብር ዳሽቦርድ ላይ እንደገባ እንዳይታይሽ።

ዕቃ ከማዘዝሽ በፊት ግምቱን ፈትኚው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወሮች ደብቂና ከዚያ በፊት ባለው መዝገብ እነሱኑ አስገምቺ፤ ከዚያ ከእውነተኛው ሽያጭ ጋር አስተያዪ። በዘይትና በሳሙና ተቀራርቦ በወተትና በቅቤ ከራቀ፣ የጾም ዓምድሽን ድጋሚ አጣሪ። ሰንጠረዡን ስትጀምሪ የዓምዶቹን ርዕስ ብቻ እዚህ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።